የገብርኤል ማግስት ቀጠሮ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። እሳቸው በማይገባቸው ቋንቋ ጠቅልዬ አቀበልኳቸውና መስቀል ስሜ ወጣሁ፤ እንዴት እንደሆነ እደርስበታለሁ። አሁን እርስዎ፣ ማን እንደሆኑ የማላውቅዎት አንባቢ፣ በእሳቸው ቦታ ይቀመጡልኝ። ፊትዎ ስለማይታየኝ ይቀለኛል። ብቻ እባክዎ መሐል ላይ «አይዞህ» አይበሉኝ። አይዞህ ያለኝ ሰው ሁሉ ዝም እንድል አግዞኛል።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። ይህን አስቀድሜ ላስቀምጠው፤ ኋላ ሰበብ ማብዛት ስጀምር (እጀምራለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ) ወደዚህ ይመልሱኝ። እኔ ዘጋሁት። እኔ ዋሸሁ። እኔ መልሼ ከፈትኩትና በሌላ ሰው አላከክኩት። በዚህ ምክንያት አንዲት ሴት ዓይኗን አጣች፤ ሌላዋ ደግሞ ያልሠራችውን ጥፋት ተሸክማ እስከ ዛሬ ትኖራለች።

ንፋስ መውጫ ውስጥ በአንድ የዓይን ሕክምና ድርጅት ቅርንጫፍ ነበር የምሠራው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ፣ ኢንተርኔት ሲቆም፣ አለቃችን አቶ ምንውየለት የይለፍ ቃላቸውን ሲረሱ «ጌትነትን ጥሩት!» ይባላል። እመጣለሁ፤ ኮስተር ብዬ እቀመጣለሁ፤ ጥቂት ቁልፍ እነካካለሁ፤ ይሠራል። ያኔ ሰዉ «ወይ አንተ!» ይለኛል። ይህችን «ወይ አንተ» እንዴት እወዳት ነበር! ምን አድርገህ ነው ብለው ሲጠይቁኝ የእንግሊዝኛ ቃል እደረድርላቸዋለሁ፤ ጥያቄውም እዚያው ይቀራል። ማንም ደግሞ አይጠይቀኝም። አሁን ሳስበው መጥፎ ነገር ሁሉ የጀመረው ከዚህ ነው። ሰው እንዳይገባው አድርጎ መናገር ለመድኩ፤ የለመድኩትም ሰው ፊት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሰብለ የቀጠሮ ሠራተኛችን ነበረች። ሳቂታ፣ ተናጋሪ፣ ስልክ ላይ ስትጮህ መንገድ ድረስ የምትሰማ ልጅ። ወደኛ የሚመጡት አብዛኞቹ ከጋይንትና ከስማዳ ገጠር የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ሕመማቸውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የዓይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን ይቧጥጠዋል፤ ዓይናቸውን በጨፈኑና በገለጡ ቁጥር ይቧጥጠዋል። ስለዚህ ከማተባቸው ጋር ወረንጦ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሲብስባቸው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ጎረቤት ይነቅልላቸዋል። የተነቀለው ደግሞ አጥሮና ጠንክሮ ተመልሶ ይበቅላል። ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው፤ በጊዜው ከተደረገ። ብሌኑ ጠባሳ ከያዘ በኋላ ግን የሚመልሰው የለም። እዚህ ላይ ነው ቀጠሮ የሚሉት ነገር ትልቅ የሚሆነው፤ ያለፈ ቀን ያለፈ ዓይን ነው።

ሐኪሞቹ ተዘዋዋሪዎች ናቸው። መካነ ኢየሱስ ይሰነብታሉ፣ ንፋስ መውጫ ይሰነብታሉ፣ ወገዳ ይወርዳሉ። የት መቼ እንደሚሆኑ ባሕር ዳር ያለው ዋናው ቢሮ ኢንተርኔት ላይ ባለ ካላንደር ይሞላል፤ የሰብለ ኮምፒውተር ያንን ከሩቅ እየሳበ የራሷ ካላንደር ላይ ያስቀምጥላታል። ባሕር ዳር አንድ ቀን ሲቀየር እሷ ስክሪን ላይ በቀይ ብቅ ይላል፤ እሷም ስልኳን አንሥታ የየቀበሌውን ሰው «እገሊትን ንገሩልኝ» ትላለች። ሌላ መልእክት የለም። ሁሉም ነገር በዚያች ቀይ ምልክት ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ደግሞ ሰብለ የራሷ ዘዴ ነበራት። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ ገበሬን ታውቃለች። ለአንዲት የገጠር እናት «በሃያ ይምጡ» ቢሏት ቁጥሩ መንገድ ላይ ይወድቅባታል፤ «የገብርኤል ማግስት ይምጡ» ቢሏት ግን ሞታም አትረሳውም። ስለዚህ ሰብለ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ኢንተርኔት ላይ የሠሩትን የበዓላት ካላንደር አስገባች። ለገበያችን ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ የእስልምና በዓላትን ካላንደር ጨመረች፤ በዒድ ቀን ሰው እንዳትቀጥር ብላ ነው። ያስገባሁላት እኔ ነኝ። ሁሉም ካላንደሮች በየደቂቃው አዲስ ነገር እንዲፈልጉ ያዘዝኳቸውም እኔ ነኝ። በየሰዓቱ ይበቃ ነበር፤ በቀን አንዴም ይበቃ ነበር። ግን አቶ ምንውየለት አጠገቤ ቆመው ስለነበር «ባሕር ዳር ሲያስነጥሱ እዚህ በደቂቃ ይሰማል» ልላቸው ፈለግኩ። አልኳቸውም። ሳቁ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሰርግ በየአቅጣጫው በሚበዛበት ወቅት። እኔም መካነ ኢየሱስ ለሚያገባ ጓደኛዬ ሚዜ ነበርኩ። አርብ ከሰዓት ሚኒባሱ ግቢያችን በር ላይ ቆሞ ጡሩንባውን ያስጮኻል፤ ልብሴ ተሰቅሏል፤ ጓደኞቼ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ይሰድቡኛል። በዚህ መሐል ሰብለ መጣች፤

«ኧረ ጌትነት ድረስልኝ! ይሄ ነገር ተነሥቶ ሊበር ነው።»

እውነትም የኮምፒውተሩ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ፊደል ስትጫን እስኪጻፍ ድረስ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ቁጭ ብዬ ማሽኑን ምን እያደከመው እንደሆነ ከፍቼ አየሁ። ፕሮሰሰሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከላይ የተቀመጠው ደግሞ የካላንደሩ ፕሮግራም ነው። ወዲያው ገባኝ። ልብ ይበሉልኝ፣ አልገባኝም ነበር ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም። ከሩቅ ከሚሳቡት ካላንደሮች አንዱ መልስ አይሰጥም፤ ማሽኑ ይጠይቀዋል፣ ይጠብቀዋል፣ ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ እንደ አዲስ ይጠይቀዋል፤ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው ይደረብበታል። የኔትወርካችን ድካም ሲጨመርበት ማሽኑ ሌላ ሥራ መሥራት አቃተው። መፍትሔውም ይታወቃል። አንዱ ካላንደር ይዘጋል፤ ትንሽ ይጠበቃል፤ ጩኸቱ በረደ ወይ ተብሎ ይታያል፤ ካልበረደ እሱ ተከፍቶ የሚቀጥለው ይዘጋል። ጥፋተኛው እስኪለይ ድረስ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው፤ ሌላ ምንም አይጠይቅም።

ጡሩንባው ጮኸ። እኔም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘጋኋቸው።

ፋኑ ጸጥ አለ። ሰብለ በደስታ አጨበጨበች። «ወይ አንተ! እጅህ መድኃኒት ነው እኮ!» አለችኝ። ቀጥላ፣ ጠንቃቃ ናትና፣ «የጠፋ ነገር የለም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም። ትንሽ ተጨናንቆ ነው፤ አጸዳሁት» አልኳት። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ አየች። የሐኪሞቹ ቀን ሁሉ እንዳለ አለ፤ ወገዳ፣ ግንቦት፣ የገብርኤል ማግስት። ካላንደር ከሩቁ ሲቆረጥ አስቀድሞ የገባው አይጠፋም፤ የቆመ ሰዓት ቁጥሮቹ ባሉበት እንደሚታዩት ነው። አዲስ ነገር አይገባም እንጂ። ይህን ልነግራት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። «ሰብለ፣ እስክመለስ ድረስ ባሕር ዳር እየደወልሽ ጠይቂ።» ይችው ናት። ለምን አልነገርኳትም? መቸኮሌ ነው? አይደለም፤ እሱን ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ጫማ ለማሰር እንኳ አይበቃም። «እጅህ መድኃኒት ነው» ካለችኝ በኋላ «ገና አልዳነም» ማለት ስለከበደኝ ነው።

ሰኞ ተመለስኩ። እከፍተዋለሁ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። በጠረጴዛዋ አጠገብ ሳልፍ ለአዲሷ ነርስ ስለኔ ስታወራ ሰማኋት። አሁን ብከፍተው ይጮኻል፤ ቢጮህ «ተበላሸበት» ይባላል። ነገ አልኩ። ነገም ነገ አልኩ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ረሳሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልረሳሁትም። በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኝ ነበር፤ እርምጃዬን ፈጠን አደርግና አልፋለሁ። ይኸው ነው።

በዚያ መሐል ባሕር ዳር ያሉት የወገዳውን ቀን ቀደም አደረጉት። ዋናው ሐኪም ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ኖሯል። ከገብርኤል ማግስት ወደ ሚካኤል ማግስት አመጡት፤ አንድ ሳምንት ቀደመ ማለት ነው። ካላንደሩ ላይ ቀየሩትና ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ሰብለ እንደምታየው ያውቃሉ እኮ! ሐኪሞቹም በእስቴ በኩል አድርገው ወገዳ ገቡ። ወገዳ በዚያ ሰሞን ስልክ አይሠራም ነበር። የከተማውን ጥቂት ሰው አከሙ፤ የገጠሩን ሰው ሲጠብቁ ውለው፣ የእርሻ ወቅት ስለሆነ ነው የቀሩት ብለው ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። እኛ ንፋስ መውጫ ቁጭ ብለን የገብርኤልን ማግስት እንጠብቃለን።

ደረሰና በድርጅቱ መኪና ወረድን፤ አቶ ምንውየለት፣ ሰብለና እኔ። መንገዱ እንደሚያውቁት ነው፤ አንጀት ያወጣል። ሰብለ ደስ ብሏት በየጉድባው ትስቅ ነበር፤ በፌስታል ዳቦ ይዛለች፣ ሳይበሉ የሚመጡ አሉ ብላ። የጤና ጣቢያው ግቢ ስንገባ ሴቶቹ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን ብርሃን እንዳይነካቸው ግንባራቸው ላይ ደፍተዋል። የግቢው ጥበቃ ወደ መኪናችን መጣና እንደ ቀልድ፣

«እናንተ ደግሞ ዛሬ ምን ልትሠሩ መጣችሁ? ሐኪሞቹኮ በሚካኤል ማግስት መጥተው፣ ሰው አጥተው ሄዱ» አለን።

ከመኪናው ሳልወርድ አወቅኩት። ሌላው «እንዴት? ማን? መቼ?» ሲል እኔ አውቄዋለሁ።

በር አጠገብ ከተቀመጡት አንዷ እትዬ በላይነሽ ነበሩ፤ ከልጃቸው ጋር ከሩቅ ቀበሌ የመጡ። አንዱ ዓይናቸው ቀድሞ ነጥቷል። ሁለተኛው ቀልቶ ያነባል፤ ግን ያያል። ወረንጦው አንገታቸው ላይ ነው። የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ቀና አሉና፣ «መጡ? እሰይ! እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ። ይቺኛይቱ እንኳ ትትረፍልኝ» አሉ። ሰብለ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘች። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ወደ መኪናው ኋላ ዞሬ ነበር። የሰማሁት የልጃቸውን ድምፅ ነው፤ «እናንተው አይደላችሁም ወይ የገብርኤል ማግስት ያላችሁን?» ትላለች። ዳቦው ታደለ። ሴቶቹ ዳቦውን ይዘው ወደየቀበሌያቸው ተመለሱ።

እስካሁን የነገርኩዎት ስንፍናና ኩራት ነው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት ይህን ሁሉ ዘመን አፌን አይዘጋኝም ነበር። አሁን የምነግርዎት ሌላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ምንውየለት ባሕር ዳር ደወሉ። «ከሳምንታት በፊት ቀይረነዋል፤ ካላንደሩ ላይ አለ» ተባሉ። ጠሩኝና፣ «ጌትነት፣ ማሽኑን እይልኝ። ወይ ማሽኑ ነው፣ ወይ ልጅቱ ናት» አሉኝ። ሰብለ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ክፍሏ ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ።

ያኔ ወጥቼ «ማሽኑ አይደለም፣ ልጅቱም አይደለችም፤ እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ምን ይደርስብኝ ነበር? ቁጣ። ምናልባት የሥራ ማስጠንቀቂያ። እኔ ግን ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩና የሐኪሞቹን ካላንደር መልሼ ከፈትኩት። ቆየት አለና የወገዳው ቀን ዓይኔ እያየ ከገብርኤል ማግስት ዘሎ ሚካኤል ማግስት ላይ ተቀመጠ፤ በቀይ። ፋኑም አልጮኸም። ሌሎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የበዓላቱን ካላንደር ስከፍት ጮኸ፤ ስዘጋው ዝም አለ። እሱ ነበር ጥፋተኛው፤ ወጣቶቹ አድራሻውን ቀይረው ኖሮ ማሽኑ የሌለ ቤት ሲያንኳኳ ከርሟል። የሐኪሞቹ ካላንደር ምንም አላጠፋም ነበር። ያን አርብ ሊደረግ የሚገባው ምርመራ ይኸው ነበር፤ ሚኒባሱን ባስጠብቀው ይጠብቀኝ ነበር። የበዓላቱን አጠፋሁት፤ ሌሎቹን በቀን አንዴ እንዲያዩ አዘዝኳቸው። ሲገርም! በዚያች ሰዓት እንኳ ሥራዬን አሳምሬ ሠራሁ።

ከዚያ በሩን ከፈትኩና አቶ ምንውየለትን ጠራኋቸው። «ማሽኑ ደኅና ነው። ይኸው፣ ለውጡ ገብቷል» አልኳቸው። ባሕር ዳር የቀየሩበት ቀን ከሥሩ ተጽፏል፤ እሱን በጣቴ አሳየኋቸው። ባሕር ዳር የተቀየረበት ቀን ነው፤ እዚህ የደረሰበት ቀን አይደለም። የደረሰው ከደቂቃዎች በፊት ነው፤ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ልዩነቱን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ቢጠይቁኝም የእንግሊዝኛ ቃል ነበረኝ።

ሰብለን አስገቧት። አየችው። ፊቷ ጠቆረ። ስክሪኑን ነካችው፣ በጣቷ፤ የሚጠፋ እንደሆነ እንደምታይ። «ወይኔ! አላየሁትም... እንዴት አላየሁትም? በየጠዋቱኮ ነው የማየው!» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ጌትነት፣ ያን ለት ስታጸዳው ካላንደሩን አልነካኸውም አይደል?»

ዓይን ዓይኔን ነው የምታየው። ጥያቄዋ ክስ አልነበረም፤ የምትይዘው ነገር ፍለጋ ነበር። «አልነካሁትም» አልኳት።

አመነችኝ። ይህን ነው የማልችለው። ብትጠረጥረኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ብትከሰኝ ይሻለኝ ነበር። እኔን አምና የገዛ ዓይኗን ካደች።

ከቀጠሮ ሥራ አነሷትና ወገዳ ጤና ጣቢያ ውስጥ ላለችው ትንሽ ክፍላችን ረዳት አድርገው ላኳት። አልተከራከረችም። ፍራሿን ሚኒባስ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። «ለድካምህ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ለድካሜ!

ክረምት ገባ። ሐኪሞቹ ከመስቀል በኋላ ይመለሳሉ ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎም ያውቁታል፤ ውጊያ መጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ተከተተ። እኔም ከዚህ ሰበብ ሠራሁ። «ባልዘጋውስ ኖሮ፣ ኔትወርኩ መጥፋቱ አይቀርም ነበር» እላለሁ ለራሴ። ሰበቤን እንዳላምን ያደረገኝ ያው ሙያዬ ነው። ያን ግንቦት ንፋስ መውጫ ኔትወርክ ነበረ። ደካማ ነበረ፤ ግን ነበረ።

በዐቢይ ጾም ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ሰው ሁሉ ተናዞ ሲሄድ እኔ መጨረሻ ቀረሁ። «አባ፣ ከሩቅ የሚሳቡ ካላንደሮችን ሲንክ ስለዘጋሁ ሰው ተጎዳ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ምንድን ነው የዘጋኸው ልጄ? ሰው ላይ በር ዘግተህ ነው?»

አዎ አባ ማለት ነበረብኝ። ከዚህ የተሻለ አባባል ማንም አይሰጠኝም ነበር፤ እሳቸው ሰጡኝ። እኔ ግን «የለም አባ፣ የማሽን ነገር ነው፤ ፕሮሰሰሩን ስላጨናነቀው ነው» አልኳቸው። «ማሽንማ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቀው። እስኪ ስገድበት፤ እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ እስኪዝል ሰገድኩ። ግን ለምን እንደምሰግድ የሰማ የለም፤ በእንግሊዝኛ ቃል አባቴን አታለልኩ፣ አቶ ምንውየለትን እንዳታለልኳቸው። እንዲያ ያለ ኑዛዜ ይፈታል? እርስዎ ይንገሩኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ከፍ አድርጎ በጮኸ ቁጥር እነሣና እቆማለሁ። ባለቤቴ «ምን ነካህ?» ትለኛለች። ሙቀት ነው እላታለሁ።

በቅርቡ መንገዱ ሲሻሻል ወገዳ ሥራ ተላክሁ። ላለመሄድ ያላደረግኩት ነገር የለም፤ አልሆነም። ሥራዬን ጨርሼ ሹልክ ልል ስል ሰብለ ግቢ ውስጥ አየችኝና በዚያው የድሮ ድምፅዋ «ጌትነት!» ብላ ጮኸች። ቤቷ ወሰደችኝ። በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ወረንጦው አንገታቸው ላይ ነው።

እትዬ በላይነሽ ናቸው። ሁለተኛውም ዓይን ነጥቷል። ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ፤ ሕመሙ ግን አልተዋቸውም፤ ሽፋሽፍቱ አሁንም ይቧጥጣል። ሰብለ ቁጭ ብላ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አጋደመችና መንቀል ጀመረች። «ለገበያ በመጡ ቁጥር እዚህ ነው የሚያርፉት፤ እኔ ነኝ የምነቅልላቸው» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደግሞ፣ «የኔው ጥፋት አይደል» አለች።

እሳቸው ሰሙ። «ተይ እንግዲህ አንቺ ልጅ! ሰው ይረሳል። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም? ራሷን ይቅር አልል ያለችው እሷ ናት እኮ» አሉኝ፣ ለእንግዳው።

ይቅርታው እዚያ ነበር። የኔ ይቅርታ፣ ለኔ የሚገባው፣ ላላጠፋች ሰው ተሰጥቶ ፊቴ ተቀምጧል። እንዴት ብዬ «የኔ ነው፣ መልሱልኝ» ልበል? ሰብለ ስትነቅል ታወራለች፤ ሳቋ ቀንሷል። ቤቷን ቆልፋ ወጥታ ቆለፍኩ ወይ ብላ ከመንገድ እንደምትመለስ፣ መድኃኒት ስትሰጥ ስሙን ለሌላ ሰው አስነብባ እንደምትሰጥ ነገረችኝ። «ከዚያ ወዲህ የማየውን አላምንም፤ አይቼውም አላየሁት ይሆናል እላለሁ» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው።

ከጣቢያው ሰው መጥቶ ጠራት። ተነሣችና ወረንጦውን እጄ ላይ አኖረችው። «አንዲት ናት የቀረችው፤ ከታች በኩል። እጅህ መድኃኒት አይደል?» ብላ ሄደች።

ጎንበስ አልኩ። አንዲት አጭር ጥቁር ፀጉር በነጣው ብሌን ላይ ተጋድማለች። ወረንጦውን አስጠግቼ መልሼ አራቅሁት። «አይዞህ ልጄ፣ አትፍራ» አሉኝ እትዬ በላይነሽ። ነቀልኳት። ትልቅ ትንፋሽ ወጣላቸው። «እፎይ! እጅህ ይባረክ። ዓይንህን አይንካብህ።»

አሜን አልኩ። ያስቡት! አሜን ብዬ፣ ወረንጦውን እጃቸው ላይ አኑሬ፣ ሰብለ ሳትመለስ ወጥቼ ሄድኩ።

እንግዲህ ይኸው። «ይፍቱኝ» አልልዎትም። እርስዎን አልበደልኩም፤ እርስዎ የሚፈቱኝ ነገር የለም። ወጣት ነበርኩ አልልም። ቸኩዬ ነበር አልልም። ኔትወርኩ ነው አልልም። እርስዎን ያስቀመጥኩዎት አፌ እንዲለምድ ነው። ነገ ጠዋት አቶ ምንውየለት ቢሮ እገባለሁ፤ ከዚያ ወገዳ እወርዳለሁ፤ ለእትዬ በላይነሽም በአማርኛ፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳልጨምር፣ በር የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ይቅርታውን ይሰጡኛል ብዬ አይደለም፤ በሰብለ ስም የተሰጠው እንዲነሣ ነው። ምናልባት ግቢው በር ላይ ስደርስ ወኔዬ ይከዳኝ ይሆናል፤ ራሴን አውቀዋለሁ ብዬዎታለሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አስቀድሜ ወደ ሰብለ ስልክ እልከዋለሁ፤ ተመልሼ እንዳልዋሽ።

ሰብለ፣ ያን ግንቦት በየጠዋቱ ስታይው ስክሪኑ ላይ ምንም ቀይ አልነበረም። በደንብ አይተሽ ነበር።